የእንግሊዝኛው ሰምና ወርቅ

(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው ምሽት ላነጋግራችሁ ያሰብሁት ትንሽ ስለሚመስል፣ ነገር ግን ሥር ስላለው አንድ የትምህርት ጉዳይ ነው። ይኸውም በመካከለኛ ደረጃ፣ ማለት በ7ኛና በ8ኛ ክፍል፣ እንግሊዝኛ ለሚማሩ ልጆቻችን ዘይቤያዊ አነጋገርን እንዴት ማስተማር እንደሚገባ ነው። ከአድማጮቼ መካከል ብዙዎቹ ቀኑን በየመሥሪያ ቤቱ ሲደክሙ ውለው ወደ ቤታቸው የተመለሱ ሰዎች መሆናቸውን አውቃለሁ። «ይህ የመምህራን ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን ይመለከተናል?» የሚል ቢኖር እስከ ንግግሬ መጨረሻ እንዲታገሠኝ እለምናለሁ። ማታ ማታ የልጁን ደብተር ገልጦ የሚያይ ወላጅ ሁሉ የመምህር ረዳት ነውና።

ነገሬን ከራሴ ጥፋት እጀምራለሁ። መምህር በነበርሁበት ዘመን የ7ኛ ክፍል ተማሪዎቼን «ያያችሁትንና ያዘናችሁበትን ነገር በእንግሊዝኛ ጻፉ» ብዬ አዘዝኋቸው። አንድ ዝምተኛ ልጅ፣ ዝናብ እየወረደባት በጉልት ገበያ ሽንኩርቷን ይዛ ስለተቀመጠች አንዲት አሮጊት ጻፈ። በድርሰቱ መጨረሻ በአማርኛ «አንጀቴን በላችው» የምንለውን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ መለሰውና «አሮጊቷ አንጀቴን በላችው» የሚል ዐረፍተ ነገር አስቀመጠ። በእንግሊዝኛ ሲነበብ አሮጊቷ ሰው በላ ሆነች። እኔም ዐረፍተ ነገሩን ጮክ ብዬ ለክፍሉ አነበብሁት። ልጆቹ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ልጁ አንገቱን ደፋ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ እጁን አላነሣም። ድርሰት በታዘዘ ጊዜም የሚጽፈው ስሕተት የማይገኝበት፣ ነገር ግን ነፍስ የሌለው፣ «ይህ መጽሐፍ ነው፤ ያ ጠረጴዛ ነው» እንደማለት ያለ ዐረፍተ ነገር ብቻ ሆነ። ያን ቀን ስሕተት ያረምሁ መስሎኝ ነበር። ኋላ ስመለከተው ግን ያረምሁት ነገር አልነበረም፤ የአንድ ልጅ የመናገር ድፍረት ነበር የጠፋው።

እንግዲህ ይህ ልጅ ያደረገው ምን ነበር? እውነተኛ ርኅራኄ ተሰማው። የተሰማውንም ለመግለጽ አባቶቹና እናቶቹ ለብዙ ዘመን የተገለገሉበትን ምሳሌ አነሣ። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይኸውም አንድ ምሳሌ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ቋንቋ ሲሻገር ልብሱን መለወጥ እንዳለበት አላወቀም። ይህን እንዲያስተምረው የተቀመጠው ደግሞ እኔ ነበርሁ።

ዘይቤያዊ አነጋገር ማለት ቃሉ በቀጥታ ከሚያመለክተው ነገር አልፎ ሌላ ነገር እንዲያስረዳ አድርጎ መናገር ነው። በትምህርት ቤት ልዩ ልዩ ስም ተሰጥቶት እናገኘዋለን። «ልጁ እንደ ሚዳቋ ይሮጣል» ብንል አነጻጻሪ ዘይቤ ነው፤ «እንደ» የምትለው ምልክት ማነጻጸሩን ትነግረናለች። «ልጁ ሚዳቋ ነው» ብንል ምልክቷ ተነሥታ ተለዋጭ ዘይቤ ይሆናል። «ነፋሱ በሩን አንኳኳ» ብንል ለነፋስ የሰው ጠባይ ስለሰጠነው ሰውኛ ዘይቤ ይባላል። «ሺህ ጊዜ ነገርሁህ» ብንል ደግሞ ግነት ነው። ከእነዚህ ሌላ ፈሊጥ የሚባል አለ። ይህም ቃላቱ አንድ በአንድ ቢፈቱ ትርጉሙ የማይገኝ፣ በልማድ የተያያዘ አነጋገር ነው።

አንዳንድ ሰው ይህን ሁሉ የባለቅኔዎች ጌጥ አድርጎ ይገምተዋል። ነገር ግን በየመሥሪያ ቤታችን የምንነጋገረውን ብናደምጥ ያለዚህ ዘይቤ አንድ ሰዓት እንኳ እንደማንውል እንረዳለን። «ጉዳዩ ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል» እንላለን፤ ጉዳይ ግን እንደ ሰው አይተኛም። «ሐሳቡ ተንጠልጥሎ ቀረ» እንላለን፤ የተንጠለጠለበት ገመድ ግን የለም። «ችግሩን ከሥሩ መንቀል አለብን» እንላለን፤ ችግርን እንደ ዛፍ ቆጥረን ማለት ነው። ጆርጅ ሌኮፍና ማርክ ጆንሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሊቃውንት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንኑ አስረድተዋል። እንደ እነርሱ አባባል ዘይቤ በግጥም ውስጥ ብቻ የሚገኝ ሳይሆን የዕለት አሳባችን የቆመበት መሠረት ነው። ለምሳሌ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ክርክርን እንደ ጦርነት አድርገው ይናገሩለታል። እኛስ «በክርክር ድል ነሣሁት» እንል የለምን?

በሳይንስ ትምህርትም ያው ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1665 ዓ.ም. ሮበርት ሁክ የተባለው እንግሊዛዊ በአጉሊ መነጽር ስለተመለከታቸው ነገሮች አንድ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያም መጽሐፍ ስስ የቡሽ ቁራጭ ተመልክቶ ያያቸውን ጥቃቅን ክፍት ቦታዎች «ሴል» ብሎ ጠራቸው፤ ትንሽ ክፍል ማለት ነው። ዛሬ በመላው ዓለም የሥነ ሕይወት ተማሪ የሚያጠናው ይህ ስም ከምሳሌ የተወለደ ነው። የምግብ «ሰንሰለት» ስንልም ብረት የለበትም። እንግሊዝኛ በሀገራችን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይሰጣል፤ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባም አብዛኛው ሌላ ትምህርት የሚሰጥበት ቋንቋ ይሆናል። ስለዚህ የእንግሊዝኛን ዘይቤ ሳይለይ ወደ 9ኛ ክፍል የሚያልፍ ልጅ የሚቸገረው በግጥም ብቻ አይደለም፤ በታሪኩም በሳይንሱም መጽሐፍ ቃላቱን ሁሉ እያወቀ ነገሩ ሳይገባው ይቀራል። ይህን የመሰለ ልጅ ብዙ ጊዜ «ሰነፍ» ይባላል። ስንፍና ግን አይደለም።

ዕድሜውም ለዚህ ትምህርት የተመቸ ነው። ሰሎሞን አሽና ሃሪየት ነርሎቭ የተባሉ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት ልጆች «ጣፋጭ»፣ «ቀዝቃዛ»፣ «ጠማማ» የመሳሰሉትን ቃላት እንዴት እንደሚረዱ መርምረው ነበር። የ3ና የ4 ዓመት ሕፃናት ቃላቱን ለሚቀመስና ለሚዳሰስ ነገር እንጂ ለሰው ጠባይ አላዋሏቸውም። ከፍ ያሉት ልጆች ለሰው ጠባይ ማዋሉን ያውቁበታል፤ ነገር ግን ጠማማ ዱላና ጠማማ ሰው በምን እንደሚገናኙ ለማስረዳት ይቸገራሉ። ግንኙነቱን አጥርተው መናገር የጀመሩት ወደ 11ና 12 ዓመት የተጠጉት ናቸው። እንግዲህ የመካከለኛ ደረጃ ተማሪ «ለምን እንዲህ ተባለ?» ብሎ ለመጠየቅ አእምሮው የደረሰ ነው። በዚህ ጊዜ ያልተጠየቀ ጥያቄ በኋላ ዘመን በብዙ ድካም ይፈለጋል።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ። የተለመደው አካሄድ መምህሩ የዘይቤዎቹን ስምና ፍች በሰሌዳ ላይ ጽፎ ተማሪዎቹ በቃላቸው እንዲይዙት ማድረግ ነው። ልጁ ስሙን ያውቃል፤ ዘይቤውን ግን በመንገድ ቢያገኘው አይለየውም። እኔ ብዙ ከተሳሳትሁ በኋላ የደረስሁበት መንገድ ሌላ ነው። ስሙ ይቆይና ሦስት ጥያቄዎች ይቅደሙ። አንደኛ፣ እየተነገረ ያለው ስለ ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ የተመሰለው በምንድን ነው? ሦስተኛ፣ ሁለቱ የሚገናኙት በምን ነው፣ የሚለያዩትስ በምን ነው? እንግሊዛዊው ሊቅ አይ. ኤ. ሪቻርድስም በ1936 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ የሚነገርለትን ነገርና እርሱን የሚሸከመውን ምሳሌ ለይቶ ሁለት ስም አውጥቶላቸዋል። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አንጥረኛ በሰም ቅርጽ ያበጃል፤ በጭቃ ይለብጠዋል፤ ሰሙ በእሳት ቀልጦ ሲወጣ በቦታው ወርቁን ያፈስበታል። ሊቃውንታችን የቅኔን ላይኛ ቃል ሰም፣ ውስጠኛ ምስጢሩን ወርቅ ያሉት ከዚህ ተነሥተው ነው። ለአንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ «በዚህ የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ሰሙ የትኛው ነው? ወርቁስ?» ብንለው ወዲያው ይገባዋል።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ሁለት ሕዝቦች በአንድ እንስሳ ሁለት የተለያየ ነገር ሊመስሉበት ይችላሉ። በእንግሊዝኛ «እንደ ጉጉት ብልህ» ማለት ምስጋና ነው። በሀገራችን ግን ጉጉት ክፉ ምልክት ናት እየተባለ ስለሚነገር ልጁ ምስጋናውን እንደ ስድብ ሊቆጥረው ይችላል። ጅብ በእኛ ዘንድ የሆዳምነት ምሳሌ ነው፤ እንግሊዞች ግን ድምፁን ሰምተው በሣቅ ይመስሉበታል። አንበሳ ግን በሁለቱም ዘንድ ጀግና ነው። ስለዚህ መምህሩ «የሚገናኙት በምን ነው?» ሲል «በማን ዘንድ?» የሚለውንም ጨምሮ መጠየቅ ይገባዋል።

እዚህ ላይ አንዲት ትንሽ መሰናክል ላመልክት። በእንግሊዝኛ «ላይክ» የምትለው ቃል «መውደድ» የሚል ፍች አላት፤ «እንደ» የሚልም ፍች አላት። «ሺ ላይክስ ኸር ማዘር» ማለት «እናቷን ትወዳለች» ሲሆን፣ «ሺ ኢዝ ላይክ ኸር ማዘር» ማለት «እናቷን ትመስላለች» ነው። የመጀመሪያውን ፍች ከሕፃንነቱ የለመደ ልጅ ሁለተኛውን ሲያገኝ ማነጻጸሪያ መሆኑን አያስተውልም። ይህን አስቀድሞ በሁለት ዐረፍተ ነገር ያሳየ መምህር ብዙ ድካም ያተርፋል።

ፈሊጥን በተመለከተ ተማሪው ደብተሩን በሦስት ክፍል ከፍሎ እንዲመዘግብ ማድረግ ይጠቅማል። በመጀመሪያው ክፍል በሁለቱም ቋንቋ አንድ የሆነው ይጻፋል። እኛ «ውኃ የማያነሣ ምክንያት» እንላለን፤ እንግሊዞችም ደካማ ክርክርን «ዳዝ ኖት ሆልድ ዋተር» ይሉታል፤ ውኃ አይይዝም ማለት ነው። ልጁ ይህን ሲያገኝ ባዕዱ ቋንቋ የዘመድ ቤት ይመስለዋል። በሁለተኛው ክፍል ወርቁ አንድ ሆኖ ሰሙ የተለያየው ይገባል። እኛ «ጊዜ ወርቅ ነው» ስንል እነርሱ «ጊዜ ገንዘብ ነው» ይላሉ። እኛ «ዶፍ ወረደ» ስንል እነርሱ «ድመትና ውሻ ዘነበ» ይላሉ። በሦስተኛው ክፍል ከሁሉ አደገኛው ይቀመጣል፤ ይኸውም ሰሙ አንድ ሆኖ ወርቁ የተለያየው ነው። በአማርኛ «ልብ የለውም» ስንል አያስተውልም፣ ይዘነጋል ማለታችን ነው። ይህንኑ ቃል በቃል በእንግሊዝኛ «ሂ ሃዝ ኖ ሃርት» ብንል ጨካኝ ነው ማለት ይሆናል። ዘንጊ ባልንጀራውን ለመግለጽ የፈለገ ልጅ ሳያውቀው አረመኔ አደረገው ማለት ነው። አማርኛችን ርኅራኄንና ኀዘንን በሆድና በአንጀት ሲያኖር፣ ማስተዋልን በልብ ያኖራል፤ እንግሊዝኛ ግን ርኅራኄንም ፍቅርንም ለልብ ሰጥቶታል። ይህን አንድ ልዩነት ብቻ የተረዳ ተማሪ ከብዙ ስሕተት ይድናል።

ወደዚያ ልጅ ድርሰት ልመለስ። እንግሊዞች እርሱ የተሰማውን በተሰማቸው ጊዜ «ማይ ሃርት ዌንት አውት ቱ ኸር» ይላሉ፤ ቃል በቃል «ልቤ ወደ እርሷ ወጣ» ማለት ነው። ከደረቱ ወጥቶ በገበያ መካከል የሚሄድ ልብ ከተበላ አንጀት ይልቅ በምን ያነሰ የሚያስቅ ነው? ያን ቀን መሣቁን ትቼ «ልጄ፤ አሳብህ እውነተኛ ነው፤ እኛ በአንጀት የምንለውን እነርሱ በልብ ይሉታል፤ እንዲህ ብለህ ጻፈው» ብዬው ቢሆን ኖሮ አንድ የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ለዘለዓለም ይማር ነበር። ከዚያም በላይ የገዛ ቋንቋው የማያሳፍር መሆኑን ይማር ነበር።

ትምህርቱ በመለየት ብቻ አያበቃም፤ ተማሪው ራሱ መፍጠር አለበት። አርስጣጣሊስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ስለ ግጥም ሥነ ጥበብ በጻፈው መጽሐፉ፣ ዘይቤን በሚገባ መገልገል ከሁሉ የሚበልጥ ስጦታ መሆኑንና ይህም ከሌላ ሰው የማይማሩት እንደሆነ ይናገራል። ለታላቁ ፈላስፋ የሚገባው ክብር ሁሉ ይሁንለትና፣ የእኛ የቅኔ ቤቶች ግን በዚህ ነገር ከእርሱ ጋር አይስማሙም። በዋሸራ፣ በዋድላና በጎንጅ ሥርዓት የሚማር ተማሪ ሁለት ቤት ብቻ ካላት ከጉባኤ ቃና ይጀምራል። መምህሩ ያስተማሩትን ምስጢር ይዞ፣ ለብቻው ሆኖ አሰላስሎ፣ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም የጎደለውን ያርሙለታል። ደረጃ በደረጃም ወደ ረጅሙ ቅኔ ይወጣል። ስጦታ ያለው ከፍ ይል ይሆናል፤ ነገር ግን ጉባኤው ለባለ ስጦታ ብቻ ተብሎ አልተዘረጋም።

ከዚህ ሥርዓት የእንግሊዝኛ መምህር የሚወስደው ነገር አለ። ይኸውም በየቀኑ አንድ ትንሽ ነገር ማስፈጠር ነው። ተማሪው ጠዋት በመንገዱ ላይ ካየው ነገር አንዱን ይምረጥ፤ የቆርቆሮ ጣራ ላይ የሚወርደውን ዝናብ፣ የአውቶቡስ ሰልፉን፣ የሚጤሰውን ከሰል። ከዚያ በአጭር የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር በሌላ ነገር ይመስለው። ሰዋስው ቢጎድል መምህሩ ያርማል፤ ምሳሌው ባይገናኝ «በምን ይገናኛሉ?» ብሎ ይጠይቃል። የዘይቤው ስም የሚነገረው ልጁ ራሱ ከሠራው በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ስሙን ለፈተናም ቢሆን አይረሳውም። ክፍሉ በተማሪ የተጨናነቀ በሆነ ጊዜ እንኳ አምስት ተማሪዎች በየተራ ቢያነቡና ሌሎቹ ሰምና ወርቁን ቢለዩ ከሩብ ሰዓት የሚበልጥ ጊዜ አይወስድም።

ደግሞም ዘይቤ የማይገባበትን ቦታ ማሳየት የትምህርቱ ክፍል ነው። የመድኃኒት አወሳሰድ በምሳሌ አይጻፍም። የመንግሥት ደብዳቤም «ጉዳዩ እንቅልፍ ላይ ነው» ከማለት ይልቅ «ጉዳዩ እስከ ዛሬ ውሳኔ አላገኘም» ቢል ለባለጉዳዩ ይጠቅማል። እንግሊዞች የተንዛዛ የመሥሪያ ቤት አሠራርን «ቀይ ጥብጣብ» የሚሉት የመንግሥት ሰነዶች በቀይ ጥብጣብ ይታሰሩ ስለነበረ ነው። ከአንድ ተራ ጥብጣብ እንዲህ ያለ ወቀሳ መወለዱን አይተን እኛ የቢሮ ሰዎች ልንጠነቀቅ ይገባናል።

የተከበራችሁ ወላጆች፤ ከእናንተ የሚፈለገው ከባድ አይደለም። እንግሊዝኛ ባይሆንላችሁ እንኳ አማርኛው ወይም ሌላው የአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ በእጃችሁ ነው። በእራት ሰዓት ተረትና ምሳሌ ጣሉ፤ «ይህ ምን ማለት ነው? ለምን እንዲህ ተባለ?» ብላችሁ ልጁን ጠይቁ። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ሲባል ለምን በብርሌ እንደሆነ ይመርምር። በቋንቋው ሰምና ወርቅ መለየት የለመደ ልጅ በእንግሊዝኛ መጽሐፉ ውስጥ ዘይቤ ሲገጥመው አይደነግጥም፤ መጠየቅ ያለበትን ያውቃልና። ከሁሉም በላይ ልጁ በባዕድ ቋንቋ ሲሳሳት አትሣቁበት። ከስሕተቱ በታች ብዙ ጊዜ አንድ መልካም አሳብ ተቀምጧል።

ያ ዝምተኛ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ሆኗል፤ የት እንዳለ አላውቅም። ይህን ንግግር የሚሰማ ቢሆን ግን፣ በዝናብ የተቀመጠችው አሮጊት የእኔንም አንጀት እንደበላችው እንዲያውቅልኝ እወዳለሁ። ያን ቀን ልነግረው የሚገባኝ ይህ ነበር።